የ100 ቶኑ የላሜራ ማጠፊያ ማሽን ግራ ሲሊንደር፦ ሦስት ጊዜ የፈታሁበት ማስታወሻ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ነገሩ የተጀመረው ከቀለም ቤት ነው። ቀለም የሚቀቡት ልጆች መጥተው «ላሜራችሁ ዘይት አለው፣ ቀለሙ አልይዝ እያለን ነው» አሉ። ሄጄ አየሁት። እውነትም የበሩ ፍሬም ላይ እንደ ዓሣ ዓይን ክብ ክብ ያለ ባዶ ቦታ ወጥቷል። ዘይቱ ከየት መጣ ብዬ ወደ ማጠፊያው ስሄድ ከግራው ሲሊንደር እየተንጠባጠበ ነው። ከሲሊንደሩ በሚወጣው ዘንግ ይወርዳል፣ የሚያጥፈው ምላጭ ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ ላሜራው ላይ ጠብ።

ማሽኑ የላሜራ ማጠፊያ ፕሬስ ነው። 100 ቶን፣ 3.2 ሜትር፣ የቻይና ስሪት፣ በቶርሽን ባር የሚሠራው ዓይነት። ቃሊቲ ባለን ወርክሾፕ የበር ፍሬም፣ አሸንዳና የኤሌክትሪክ ቦርድ ሳጥን እናጥፍበታለን። እየወረደ የሚያጥፈውን ከባዱን ብረት ራም ነው የምንለው። ራሙን ግራና ቀኝ ሁለት ሲሊንደር ይዘውታል፣ ሁለቱ ደግሞ ቶርሽን ባር በሚባለው ወፍራም ብረት ስለተያያዙ አንዱ ሲያነክስ ሌላውም አብሮ ያነክሳል።

የሲሊንደሩ ውስጥ ስፋት 160 ሚሜ ነው፣ ዘንጉ 145። በ250 ባር ግፊት አንዱ ሲሊንደር 51 ቶን ገደማ ይገፋል፣ ሁለቱ 102። ቁጥሩን እዚህ ያሰፈርኩት ኋላ ጎሚኒ (ዘይት እንዳያልፍ የሚዘጋውን ቀለበት) ስገዛ ስለሚያስፈልገኝ ነው።

ሌላም ምልክት ነበር፣ ግን ለምደነው ትተነዋል። ራሙን ላይ አቁመን ምሳ ሄደን ስንመለስ 40 ሚሜ ወርዶ እናገኘዋለን። ጠዋት ስንገባ ደግሞ ታች ደርሶ ተኝቷል። 4 ሚሜ ላሜራ ስናጥፍም የግፊት ጌጁ 250 ይደርስና አይቆምም፣ ይንሸራተታል። በየሳምንቱ አምስት ሊትር ዘይት እንጨምር ነበር። አምስት ሊትር! ያ ሁሉ ወዴት ይሄዳል ብሎ የጠየቀ የለም፣ እኔም ጭምር።

አለቃችን «ጎሚኒ ነው፣ ቀይረውና ሥራ ጀምሩ» አለ። እኔም አዎ ብያለሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ከመፍታቴ በፊት ልሞክረው አልኩ። ራም ሲወርድ ሁሉም ሰው የፒስተን ጎሚኒ ነው ይላል። ግን ተጠርጣሪው ብዙ ነው። ፒስተኑ ላይ ያለው ጎሚኒ ሊሆን ይችላል፣ ራሙን ይዞ የሚያቆመው ካውንተርባላንስ ቫልቭ ሊሆን ይችላል፣ ወይ ደግሞ ዘይቱ ወደ ውጭ እየወጣ ሊሆን ይችላል።

ራሙን ላይ የሚይዘው በዘንጉና በሲሊንደሩ ግድግዳ መሀል ያለችው ጠባብ ቀለበት ውስጥ የታሰረ ዘይት ነው። ራማችን 1,200 ኪሎ ገደማ ነው። በሁለቱ ቀለበቶች ስፋት ሲካፈል 16 ባር ይመጣል። ማለትም ማሽኑ ጠፍቶ ዝም ብሎ በቆመበት እንኳ እዚያ ውስጥ 16 ባር ግፊት አለ። ይህን የማያውቅ ሰው ቧንቧ ሲፈታ ራሙ ጭንቅላቱ ላይ ይመጣል። ስለዚህ ሁልጊዜ መጀመሪያ መደገፊያ። እኛ ከስር ሁለት ወፍራም ግንድና ሁለት የብረት ቧንቧ አቆምንበት።

ራሙን እስከ ላይ ወስደን፣ ፓምፑ ወደ ላይ እየገፋ ሳለ፣ የግራውን ሲሊንደር የላይኛውን መመለሻ ቧንቧ ፈትቼ የሃይላንድ ጠርሙስ ደገንኩበት። ወደ ላይ ሲገፋ ያ ቧንቧ ግፊት የለበትም። ፒስተኑ ጤነኛ ከሆነ ምንም መውጣት የለበትም። በአምስት ደቂቃ አንድ ሲኒ ቡና የሚያክል ዘይት ወጣ። የቀኙ ላይ ደግሞ ጥቂት ጠብታ ብቻ።

ተገኘ በቃ፣ የግራው ፒስተን ነው። ቫልቩን ሳልነካው አለፍኩ። ይቺን አስታውሷት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ሲሊንደሩ ከ200 ኪሎ በላይ ነው። ቼይን ብሎክ (የሰንሰለት ማንሻ) በቀን 600 ብር ተከራየን። ራሙን ታች ግንዱ ላይ አስቀምጠን፣ ኤሌክትሪኩን ዘግተን፣ የቀረውን ግፊት አስተንፍሰን ብሎኖቹን ፈታን። እስከዚህ ሰላም ነበር።

ጣጣው የአንገቱ፣ ማለትም ዘንጉ ከሲሊንደሩ የሚወጣበት አፍ፣ ዳዶ ላይ መጣ። ዙሪያውን ቀዳዳ ያለው ትልቅ ክብ ዳዶ ነው፣ መፍቻው ከማሽኑ ጋር አልመጣም፣ መጥቶም ከሆነ ተሽጧል። ከ20 ሚሜ ላሜራ ቆርጠን ሁለት ፒን በይደን መፍቻ ሠራን። 1.5 ሜትር ቧንቧ ሰክተን ሁለት ሆነን ተንጠለጠልንበት። አልነቃነቅ አለ።

ረዳቴ እሳት ይዞ መጣ። «ትንሽ ላሙቀው፣ ይለቃል።» ከእጁ ነጠቅኩት። ውስጡ ዘይት የቀረበት ዝግ ሲሊንደር ላይ እሳት ማለት ቦምብ ነው። ናፍጣ አጠጥተን፣ በመዶሻ ዙሪያውን ቀስ እያልን ስንመታ ቆየን። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ «ጢው» ብሎ ለቀቀ።

ቀጥሎ ፒስተኑን ማውጣት። እዚህም ላይ ሌላ ሰው «ኮምፕረሰር ስጠው፣ በአየር ይወጣል» አለ። ይወጣል፣ አዎ። 8 ባር አየር በ160 ሚሜ ፒስተን ላይ 1.6 ቶን ነው፣ ሲለቅ ግድግዳ ነው የሚመታው። አየር እንደ ዘይት አይደለም፣ ተጨምቆ ቆይቶ እንደ ወንጭፍ ይለቃል። ሲሊንደሩን አጋድመን በቼይን ብሎክ ስበን አወጣነው።

ያየሁት ይሄ ነው። የፒስተኑ ጎሚኒ ጠርዙ ተበልቶ ተሰነጣጥቋል። የአንገቱ ጎሚኒ ደግሞ ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ አንድ ቦታ ላይ ብቻ በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ነበረብኝ። የአንገቱ ጎሚኒ 250 ባር አይደርስበትም። ከላይ ሲገፋ ያ ሁሉ ግፊት ከፒስተኑ በላይ ነው ያለው፣ አንገቱ ጋ ያለው ትንሽ ነው። ስለዚህ ግፊት አልቆረጠውም። ታዲያ ምን ቆረጠው? አልጠየቅኩም። ዘንጉን በጨርቅ ጠርጌ አየሁት፣ ያበራል፣ አለፍኩ።

አርብ፣ ጥቅምት 7

መርካቶ ለጎሚኒ። አሮጌውን ጎሚኒ ለክቶ መግዛት ስህተት ነው፣ ዘይት ጠጥቶ ያብጣል ወይ ይኮማተራል። የሚለካው የተቀመጠበት ቦይ ነው። ስፋቱን፣ ጥልቀቱን፣ ቁመቱን በካሊፐር ወስጄ ወረቀት ላይ ሥዬ ሄድኩ።

160ው የፒስተን ጎሚኒ ወዲያው ተገኘ፤ ያ ነሐስ የተቀላቀለበት ቴፍሎን፣ ከስሩ ኦሪንግ (ክብ የጎማ ቀለበት) ያለው። 145 ግን የለም። 140 አለ፣ 150 አለ። አንዱ ሻጭ «140ውን ውሰድ ወንድሜ፣ ይለጠጣል» አለኝ። የሱሪ መቀነት መሰለው። አምስት ሱቅ ዞሬ የሎደር መለዋወጫ የሚሸጥ ቤት አንድ ፍሬ 145 ወጣ። 3,800 ብር ለእሱ ብቻ። ከፒስተኑ፣ ከአቧራ ጠራጊው፣ ከኦሪንጎቹና ከፋይበር ቀለበቶቹ ጋር 11,400።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ገጠምነው። የቴፍሎን ቀለበት እንደ ጎማ አይሳብም። ሙቅ ውሃ ውስጥ አቆይተን፣ በእጅ ቀስ እያልን አስፍተን አስገባነው። ሲገባ ሰፍቶ ይቀራል፣ ስለዚህ ፒስተኑን ሲሊንደሩ ውስጥ ከመክተት በፊት መልሶ መጨበጥ አለበት። ከቀጭን ላሜራ መቀነት ሠርተን አጥብቀን አንድ ሰዓት ተውነው።

ረዳቴ ካቻቢቴ ይዞ ሊያግዘኝ መጣ። ካቻቢቴ ለጎሚኒ ቢላዋ ነው። አስቀመጠው።

በሲሊንደሩ አፍ ያለው የዳዶ ጥርስ አዲሱን ጎሚኒ እንዳይልጠው በስስ የናስ ላሜራ ሸፈንነው። ዘይት ቀብተን ገፋነው። ገባ። ማታ አስነስተን ያለ ጭነት ሃያ ጊዜ አወጣን አወረድን፣ አየሩ እንዲወጣ። ይቺን የሚዘልላት ብዙ ነው። ውስጥ የቀረ አየር በአንዴ ሲጨመቅ ይግላል፣ የዘይቱን ጭጋግ ያቀጣጥለዋል፣ ልክ እንደ ናፍጣ ሞተር። አዲሱ ጎሚኒ በመጀመሪያው ቀን ጠርዙ ጠቁሮ ይወጣል።

መንጠባጠቡ ቆመ። ጌጁ 250 ላይ ቆመ። አንድ ሰዓት አቁሜ ስለካው ግን ራሙ 8 ሚሜ ወርዷል። ከ40 ወደ 8፣ ትልቅ መሻሻል ነው አልኩ። አለቃችንም ደስ አለው። ወደ ቤት ሄድን።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ያንጠባጥባል። አራት ቀን! የ3,800 ብር ጎሚኒ አራት ቀን ሠራ።

ንዴቱ ሲበርድልኝ ዘንጉን እንደገና አየሁ። አሁን በዓይን ሳይሆን በጥፍር። ጥፍሬን ከላይ ወደ ታች ቀስ አድርጌ ጎተትኩት። ከታችኛው ጫፍ አንድ ጋት ያህል ላይ ጥፍሬ ያዘ። ትንሽ ወረድ ብሎ እንደገና ያዘ። የእጅ ባትሪ በአግድም ስይዝበት ነገሩ ሁሉ ወጣ። የገብስ ፍሬ የማያክሉ ጉብታዎች፣ ክሮሙ ላይ የተጣበቁ። ከእነሱ አጠገብ ሦስት ትንንሽ ጉድጓድ፣ ጥቁር፣ የተቃጠለ የሚመስል። ዘንጉ በወጣ በገባ ቁጥር ጉብታዎቹ ጎሚኒውን እንደ ሞረድ ይሞርዱታል።

የብየዳ ፍንጣሪ ነው። ከመስቀል በዓል በፊት የኋላ መለኪያው መያዣ ተሰብሮ ማሽኑ ላይ እንዳለ በይደነው ነበር። ዘንጉን ማንም በጨርቅ አልሸፈነውም። የብየዳው ኔጌቲቭ ገመድ ደግሞ የታሰረው ማሽኑ እግር ላይ ነው፣ የተበየደው ራሙ ላይ። ኤሌክትሪኩ ከራሙ ወደ እግሩ የሚሄደው በየት ነው? በዘንጉ በኩል። ጉድጓዶቹ ፍንጣሪ አይደሉም፣ እዚያው ዘንጉና አንገቱ መሀል የዘለለ አርክ (የኤሌክትሪክ ብልጭታ) የበላው ነው።

በያጁን ልቆጣ ፈልጌ ነበር። ግን ያን ቀን «ቶሎ ጨርሱት፣ ደንበኛ እየጠበቀ ነው» ያልኩት እኔ ነኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ሁለተኛ ፍቺ። የአሁኑ ሁለት ሰዓት ብቻ ፈጀ፣ መፍቻው አለን።

ዘንጉን በአይሱዙ ጭነን ቶርኖ ቤት፣ ብረት እያዞሩ የሚቆርጡበት ቤት፣ ወሰድነው። መኪናው ደርሶ መልስ 1,800። ዘንጉና ፒስተኑ አንድ ወጥ ብረት ስለሆነ ለብቻ አዲስ ዘንግ መግዛት የለም። ቶርኖ የሚሠሩት ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው ዳሰሱት።

«ልጄ፣ ይኼን በሞረድ ልትነካው ነው ያሰብከው?»

«አይ ጋሼ፣ በድንጋይ ነው።»

«ድንጋይም በልክ ነው። ክሮሙ ከፀጉር አይወፍርም። ከላጥከው ከስሩ ዝገት ነው የሚጠብቅህ።»

ቶርኖው ላይ አስረው በኢንዲኬተር (መጣመም መለኪያ) አዞሩት። ዘንጉ አልተጣመመም ማለት ይቻላል፣ የሚሊሜትር መቶኛ አምስት ብቻ። ጉድጓዶቹ ጥልቀታቸው ከ0.3 ሚሜ አይበልጥም። ትክክለኛው መድኃኒት አሮጌውን ክሮም ማንሳት፣ እንደገና ክሮም ማስነከርና በግራይንደር ማስተካከል ነው። ጠይቄ ነበር፣ 65,000 ብርና ሦስት ሳምንት ተባልኩ። አለቃችን ሦስት ሳምንት የሚለውን ሲሰማ ብሩን እንኳ አልጠየቀም፣ እጁን ብቻ አወዛወዘ።

ስለዚህ ሁለተኛውን መንገድ ያዝን። ጉብታዎቹን በለስላሳ የዘይት ድንጋይ ከክሮሙ ጋር እኩል እስኪሆኑ አሸን። ጉድጓዶቹን በአሴቶን አጥበን የብረት ኢፖክሲ ሞላንባቸው። 1,900 ብር። አንገቱ ጋ ግፊቱ ትንሽ ስለሆነ ነው ይህን የደፈርኩት፣ 250 ባር የሚያርፍበት ቦታ ቢሆን አልሞክረውም ነበር። ኢፖክሲው ሃያ አራት ሰዓት መድረቅ አለበት።

ጋሼ የአንገቱን የነሐስ መሪ ቀለበትም ለኩት። በአንድ ጎኑ ብቻ 0.4 ሚሜ ተበልቷል። መሪው ሲሰፋ ዘንጉ ወደ ጎን ይጋደላል፣ ክብደቱን ጎሚኒው ይሸከማል። ጎሚኒ ደግሞ ዘይት ሊይዝ እንጂ ዘንግ ሊሸከም አልተሠራም። እሺ፣ አዲስ መሪ።

አርብ እና ቅዳሜ፣ ጥቅምት 14 እና 15

ነሐሱን ምናለሽ ተራ ፈልጌ አገኘሁት፣ የአሮጌ ፓምፕ ቡሽ ነበር። ክብደቱን አስመዝነው 4,500። እዚያ ሰፈር መግነጢስ ይዞ መሄድ ነው፣ ቢጫ የተቀባ ብረት አይቻለሁ።

ጋሼ የመጀመሪያውን መሪ ጥብቅ አድርገው አወጡት፣ 0.03 ሚሜ ክፍተት። በእጅ ሲገባ ደስ ይላል፣ እንደ ቅቤ። እኔ «አሪፍ ነው» ስል እሳቸው ራሳቸው ቆም አሉ። «ዘይቱ ሲሞቅስ?» አሉ። ነሐስ ከብረት የበለጠ በሙቀት ያድጋል፣ ከውጭ በኩል ደግሞ አንገቱ ይዞታል፣ የሚያድገው ወደ ውስጥ ነው። መልሰው ወደ 0.12 አሰፉት።

ጎሚኒው ሌላ ጉድ። የመጨረሻዋን 145 ገዝቼ በልቻታለሁ፣ ሌላ የለም። ጋሼ ከፖሊዩሪቴን ቧንቧ ራሳቸው ሊያወጡልኝ ተስማሙ። ቧንቧው 5,200። የመጀመሪያው ተበላሸ፣ ቢላው ትንሽ ስለደነዘዘ ከንፈሩ ተቀደደ። ፖሊዩሪቴን ብረት አይደለም፣ ከቢላው ይሸሻል፣ ይሞቃል፣ ይጎተታል። ጋሼ ቢላውን እንደ ጺም መላጫ ስለው ቀስ ብለው ሁለተኛውን አወጡ። ቁራጩ እንደ ስፓጌቲ ረጅም ሆኖ ነው የሚወጣው፣ ረዳቴ አንገቱ ላይ አድርጎ ፎቶ ተነሳ። የእጅ ዋጋ ለሁሉም 6,000 ተቀበሉኝ። ሌላ ሰው ቢሆን እጥፉን ይለኝ ነበር።

ኢፖክሲውን ቅዳሜ ከሰዓት አስተካከልነው። መጀመሪያ በድንጋይ፣ ከዚያ በ800፣ በመጨረሻ በ1,200 የብርጭቆ ወረቀት፣ በዘይት እያረጠብን። የሚታሸው በዙሪያው ነው እንጂ ወደ ርዝመቱ አይደለም። ወደ ርዝመቱ የተጫረ ጭረት ሁሉ ለዘይቱ ቦይ ይሆናል፣ እያንዳንዷ ቦይ ደግሞ ጠብታ ናት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ይህን ስጽፍ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ነው።

ጠዋት ገጠምነው። መሪው፣ ጎሚኒው፣ ጠራጊው፣ ዳዶው። መብራት ጠፍቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቅን። መጣ፣ አስነሳን። ራሙ ወደ ላይ መሄድ ሲጀምር ዘይት ከአንገቱ ወረደ። ተንጠባጠበ አይደለም ያልኩት፣ ወረደ። ረዳቴ ከቦታው ሳይነሳ አየኝ፣ እኔ አየሁት።

ጎሚኒውን ገልብጬ ነው የገጠምኩት።

የዩ ቅርጽ ያለው ጎሚኒ አፉ ወደ ግፊቱ ነው መዞር ያለበት። ዘይቱ አፉ ውስጥ ገብቶ ከንፈሩን ይከፍተዋል፣ ከንፈሩ ዘንጉ ላይ ይጣበቃል፣ ግፊቱ በጨመረ ቁጥር የበለጠ ይዘጋል። ተገልብጦ ከሆነ ዘይቱ ከንፈሩን አጥፎ ያልፋል። ስንቱን ልጅ ያስተማርኩት ነገር ነው። ጠዋት ስልክ እያናገርኩ ነበር የከተትኩት፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሦስተኛ ፍቺ። ቼይን ብሎኩ አሁንም በኪራይ፣ አራተኛ ቀኑ። ጎሚኒው ደግነቱ አልተጎዳም። በሙቅ ውሃ አለስልሰን፣ እንደ ኩላሊት አጥፈን ቦዩ ውስጥ ከተን ዘረጋነው። ገጥመን ስንጨርስ ሁሉም ሄዷል፣ እኔና ረዳቴ ብቻ ቀርተናል። ሃያ ጊዜ ያለ ጭነት። ደረቅ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

አንገቱ ደረቅ ነው። ግን ራሙ ያው 8 ሚሜ በሰዓት ይወርዳል። አሁን «ተሻሽሏል» ብዬ የማልፍበት ፊት የለኝም።

የሃይላንዱን ሙከራ ደገምኩ። ግራው ላይ ጠብታ ብቻ፣ ቀኙም እንደዚያው። ፒስተኖቹ ንጹህ ናቸው። ታዲያ የቀረው ቫልቩ ነው፣ ያ በመጀመሪያው ቀን ያለፍኩት።

ራሙን ታች ግንዱ ላይ አሳርፌ፣ ግፊቱ ዜሮ መሆኑን አይቼ፣ የማስተካከያውን ብሎን ቦታ በቀለም ምልክት አድርጌ ካውንተርባላንሱን ፈታሁት። ምልክቱ ካልተደረገ ሲመለስ ራሙ ወይ ይወድቃል ወይ አልወርድም ይላል። ውስጡ መቀመጫው ላይ ነጭ ክር ተኝታለች። በፒንሴት ሳወጣት የጥፍር ርዝመት ያላት የቴፍሎን ቴፕ ናት። ውሃ ቧንቧ ላይ የሚጠቀለለው።

ማን እንደጠቀለላት አውቃለሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት የፓምፑን ቧንቧ መጋጠሚያ ስቀይር እኔ ነኝ። ያኔ «ዘይት እንዳያፈስ» ብዬ ሦስት ዙር ጠቅልዬ ነበር። ቴፑ ሲጠብቅ ጫፉ ይቆረጣል፣ ከዘይቱ ጋር ይዞራል፣ አንድ ቀን ጠባብ ቦታ ያገኛል። ሃይድሮሊክ ላይ ወይ በኦሪንግ የሚዘጋ መጋጠሚያ ነው፣ ወይ ጎማ ያለው ዋሸር፣ ወይ ፈሳሹ ማጣበቂያ። ያን መጋጠሚያ ፈትቼ የቀረውን ቴፕ በሙሉ ለቅሜ አወጣሁ። ረዳቴ ዝም ብሎ ያየኝ ነበር፣ መናገር አላስፈለገውም።

መልሼ ገጠምኩ፣ ብሎኑን ምልክቱ ላይ አቆምኩ። ሌሊቱን በሙሉ ላይ አቁሜው ሄድኩ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ጠዋት 2 ሚሜ። ሌሊቱን በሙሉ 2 ሚሜ።

ዛሬ ዘይቱን አየሁ። ታንኩ 160 ሊትር ነው። ሌሊት ስላረፈ ከታች ያለውን ማፍሰሻ ከፍቼ በብርጭቆ ቀዳሁ፣ ወተት የነካው ሻይ መሰለ። ውሃ ነው። የታንኩ መተንፈሻ ክዳን ጠፍቶ በቦታው ጨርቅ ተወትፏል፣ ክረምቱን ሙሉ እርጥበት ሲስብ ከርሟል። ውሃ ያለበት ዘይት ፓምፑንም ቫልቩንም ያዝገዋል።

ሙሉውን መድፋት አቅም አይፈቅድም። ከታች 40 ሊትር አውጥቼ ለየሁት፣ ቀሪውን በ10 ማይክሮን ፊልትሮ አሳልፌ መለስኩ። ፊልትሮው 3,600። በምትኩ ሁለት ጀሪካን 46 ቁጥር ዘይት፣ አንዱ 9,200። አዲሱንም በፊልትሮው አሳልፌ ነው ያስገባሁት። ከጀሪካን የወጣ ዘይት ንጹህ ይመስላል፣ ለዓይን ነው እንጂ ለቫልቭ አይደለም። መተንፈሻውን ከአሮጌ ኮምፕረሰር አውጥቼ ገጠምኩለት፣ በነጻ።

አለቃችን ወጪውን ጠየቀኝ። ከጎሚኒው እስከ ዘይቱ 55,200 ብር። የሁለት ሳምንት ሥራ መቆም አልተቆጠረም። «ጎሚኒ ብቻ ነው ብለኸኝ ነበር» አለ። «አንተ ነህ ያልከው» ልል ብዬ አፌን ያዝኩ፣ አዎ ያልኩት እኔ ስለሆንኩ።

አርብ፣ ኅዳር 5

ከሥር ነጭ ካርቶን አንጥፌ በየማታው አየዋለሁ። በሁለት ቀን አንድ ጠብታ ያህል ነው። ዘንግ እየገባ እየወጣ ስስ ዘይት ይዞ መውጣቱ አይቀርም፣ ሙሉ ለሙሉ ደረቅ ዘንግ ጎሚኒውን ይበላዋል። ቀለም ቤቱ ከዚያ ወዲህ አልመጣም።

አንዱ ልጅ ትናንት ቧንቧ ላይ ጭጋግ የመሰለ ነገር አይቶ በእጁ ሊዳስስ ሲል ደረስኩበት። በዚያ ግፊት በቀጭን ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ቆዳ ይበሳል፣ እንደ መርፌ ገብቶ ሥጋ ውስጥ ይቀራል፣ ጣት ያስቆርጣል። እዚያ የሚደገነው ካርቶን ነው እንጂ እጅ አይደለም። ያገኘነው የእርጥበት ላብ ነው፣ ቧንቧው ደህና ነበር።

ከሦስቱ የኢፖክሲ ጠጋኞች አንዱ ጠርዙ ላይ ትንሽ ነጭ መስመር አሳይቷል። ሊላቀቅ ነው። እስከ ገና በዓል ከቆየ ይበቃኛል፣ ያኔ ሥራ ስለሚቀዘቅዝ ዘንጉን አውጥተን ክሮም እንልከዋለን። አለቃችን 65,000ውን እስካሁን አልካደም።

ቀኙ ሲሊንደርም ተራውን እየጠበቀ ነው። ጥፍሬን አስሄጄበታለሁ፣ ጉድጓድ የለውም፣ ፍንጣሪ ግን ሁለት ቦታ አለ። ሳልፈታው በድንጋይ አነሳሁት። ራሙ ላይ ለኔጌቲቩ የሚሆን ትልቅ ብሎን በይደናል፣ ራሱ ሲበየድ ዘንጎቹን በእርጥብ የማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለን። ረዳቴ ከብሎኑ አጠገብ በቀይ ቀለም «እዚህ እሰር» ብሎ ጻፈበት። ከስሩ ደግሞ እኔ ሳላይ «ቴፕ ክልክል ነው» ጨምሮበታል።